ምልክቱን የሚናገር ይውሰድ

ባለፈው ነሐሴ ነቀምቴ ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ላይ በግ ተጫነ። ሹፌሩ "እናቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የምጨምረው" ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው የተባለው ሰውዬ ከነበጉ መጣ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ስላላባራ በጉ በስብሷል። አገጩን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ፣ ሒሳቡን እኔ የምከፍልለት ይመስል ተረጋጋ። ስለ ልጅነታቸው የሚጽፉ ሰዎች ሁልጊዜ ጥሩ ጥሩ ሽታ ነው የሚገጥማቸው። የእኔን ልጅነት የሚጠራው የረጠበ በግ ነው፤ ያልደረቀ ብርድ ልብስ፣ የታኘከ ሣርና ጭቃ በአንድ ላይ።

"ይቅርታ እናቴ፣ ሸተተሽ አይደል?" አለኝ ባለ በጉ።

"ሸተተኝ። ተወው፣ ይሽተት" አልኩት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ቢላ ወደምትባል ከተማ ለማስተማር ተመድባ ስትሄድ እኔን አባቷ ዘንድ ተወችኝ። እኔ "አካኮ" እለዋለሁ፤ በኦሮምኛ አያቴ እንደ ማለት ነው። ሰፈሩ ኦቦ ዲንሳ ይለዋል፤ አቶ ዲንሳ እንደ ማለት። ቤታችን ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አካኮ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ሌላውን ሁሉ ረስቶ አንድ ሰማያዊ ደብተር ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ነው። ደብተሩ ውስጥ የአይሁድ መምህራን ከኦሪት ተነስተው ስለ ሁለት ነገር የደነገጉት ተገልብጧል፤ ስለ ጠፋ ንብረት አመላለስና ስለ ገንዘብ አሥራት። ለምን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ልቡን እንደያዙት ጠይቄው አላውቅም። ስገምት፣ ሌላው ትምህርት ሁሉ ስለ ሰማይ ስለነበረ ይመስለኛል። እነዚህ ስለ ኪስ ናቸው።

የድሮ ሰው ታማኝ ነበር ሲሉኝ ዝም ብዬ አልሰማም። ታማኝ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሕግ ማን ይጽፈው ነበር? አካኮ ራሱ በሰው ልብ አያምንም፤ የሚያምነው በሥርዓት ነበር። በረንዳችን ግድግዳ ላይ ሚስማሮች በረድፍ ተመተዋል። በየሚስማሩ ላይ መንገድ ወድቆ የተገኘ የሰው ዕቃ ይንጠለጠላል። በዚያ ክረምት የነበሩት አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ የብረት ኩባያ፣ የሹራብ ቆብና ሦስት ጃንጥላ ናቸው። ያገኘ ሰው በዕቃው ሊጠቀምበት አይፈቀድለትም፤ እንዳይበላሽ ግን መንከባከብ አለበት። ስለዚህ ጃንጥላዎቹ ሻጋታ እንዳይበላቸው ፀሐይ ብልጭ ስትል ይዘረጋሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይታጠፋሉ። ሦስት ጃንጥላ ካለበት ቤት እኔና አካኮ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ቆብ አጥፈን፣ ደፍተነው ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ያየ ሰው ሁሉ ይስቅብን ነበር። እኔም በሆዴ ከሳቂዎቹ ጋር ነበርኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አካኮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያስነግራል። ድምፁ የዚያን ጊዜ ብቻ ይለወጣል፤ ቀጭንና ደረቅ ይሆናል።

"ጃንጥላ ተገኝቷል። ምልክቱን የሚናገር ይውሰድ።"

ቀለሙን አይናገርም። የእጀታውን መሰበር አይናገርም። "ምልክቱን ቀድሞ የተናገረ ሰው፣ ዕቃውን ለመጀመሪያው ውሸታም ሰጠው ማለት ነው" ይለኝ ነበር። "ምልክት ለማንም አይነገርም፣ ሌንሴ። ምልክት የባለቤቱ ነው።"

ደብተሩ እንደሚለው በጥንት ኢየሩሳሌም ዕቃ የጠፋበትና ዕቃ ያገኘ የሚገናኙበት አንድ ድንጋይ ነበረ። አካኮ ነቀምቴ እንዲህ ያለ ድንጋይ ስለሌላት ያዝን ነበር። ድንጋዩ ግን ነበረን፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው ያረጀ ነጋዴ ነው። ጨው፣ ክብሪትና ወሬ ያከፋፍላል፤ ወሬው በነፃ ነው።

"ኦቦ ዲንሳ፣ በእኛም እኮ አለ" ይለዋል። "በእስልምና ያገኘ ሰው አንድ ዓመት ያስነግራል። የእርስዎ አይሁዶች ስንት ጊዜ ነው?"

"ሦስት በዓል እስኪያልፍ።"

"ይሁን። እኔ ሱቅ ግን ጠፍቶ የሚቀረው ዱቤ ወሳጅ ብቻ ነው።"

አንድ ቀን ከዚያው ሱቅ ደጃፍ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ሃምሳ ሳንቲም አገኘሁ። ሮጬ ለአካኮ አሳየሁት።

"ምልክት አለው?"

"የአንበሳ ራስ አለበት።"

"እሱ ሁሉም ላይ አለ። ብቻውን የወደቀ ሳንቲም ምልክት የለውም። የጣለውም ሰው ኪሱን ፈትሾ ሲያጣው ተስፋ ቆርጧል። ያንቺ ነው።" ልዘል ስል እጁን ዘረጋ። "አምስት ሳንቲሙ ግን አሥራት ነው።"

"ወድቆ ካገኘሁት?"

"ካላገኘሽው እንዴት ታወጪያለሽ?"

የአሥራት ጣሳዬ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ክዳኑ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ዙሪያውን አካኮ በሻማ ሰም አሽጎታል። የሚከፈተው መስከረም ሲጠባ ነው፤ ለድሃ ይሰጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አሥራት ለጣራ መቀየሪያ ይግባ ብለው ከአካኮ ጋር ተኳርፈዋል፤ እሱ ደብተሩን ከፍቶ "ጣራ አይራብም" ይላቸዋል። ሌላም ሕግ ነበረው፤ በአሥራት ዕዳ አይከፈልም። አስቀድሞ ልትሰጪ የሚገባሽን ከአሥራትሽ መስጠት፣ እግዚአብሔርን በራሱ ገንዘብ መሸንገል ነው ይላል።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት እኔ የተረዳሁት ይህን ነው። ምልክት ማለት ባለቤቱ ዕቃውን ከሩቅ የያዘበት የማይታይ ጅማት ነው፤ ጅማቱ ከሌለ ባለቤት የለም። ጣሳው ደግሞ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የማያየው ቦታ ነው። ሁለቱም ስህተት አይደሉም ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። ስህተቱ የገጣጠምኳቸው ላይ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከሱቅ የላምባ ጠርሙስ ይዤ ስመለስ፣ በመንገዱ ቦይ ውስጥ አንዲት በግ ቆማ አየሁ። ነጭ ናት፣ ራሷ ቡናማ። አንገቷ ላይ ከሰማያዊና ከነጭ የፕላስቲክ ክር የተጎነጎነ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ አንድ ጥቁር የኮት ቁልፍ ተሰፍቷል። እጄን ስዘረጋ መዳፌን ላሰችው። እናቴ ከሄደች ወዲህ የነካኝ ሞቅ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነበር ብል አካኮን እበድላለሁ፤ ግን በዚያች ሰዓት እንደዚያ ነው የመሰለኝ።

ቦዩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገመዱን በጥርሴ ፈታሁት። አንዲት ቅንጣት ኃጢአት የሠራሁ አልመሰለኝም። ሕግ ነበር የምፈጽመው።

አካኮ ጓሮ አንጮቴውን ይኮተኩት ስለነበር መጀመሪያ ወደ ቤት ገባሁ። ገመዱን አጣጥፌ በጣሳው ስንጥቅ ጨመርኩት። ቁልፉ ቆርቆሮውን መታና "ቀጭ" አለ። ከዚያ በኋላ ነው የጠራሁት።

"ምልክት አላት?" አለ።

"የላትም።"

ጆሮዎቿን አገላበጠ፤ አልተበሱም። እግሯን አየ፣ ጅራቷን አየ። "እንዲህ ያለች በግ ከዚህ እስከ ዲጋ ስንት አለች" አለ። "ሆኖም ነፍስ ያላት ናት። እናስነግራለን። ምልክት ለሌለው ሦስት በዓል አይጠበቅም፤ መስከረም እስኪጠባ ባለቤት ካልመጣ ያንቺ ናት።"

ሲያስነግር የመጡትን ሰዎች አሁንም ሳስታውስ እስቃለሁ። አንዱ "የእኔ በግ ነጭ ናት" አለ። "ሌላስ?" ሲባል "በጣም ነጭ ናት" አለ። ሌላው ምልክቷ ማንከሷ ነው አለ፤ በጓ ጓሮውን ስትዞር ሲያይ "ድና ይሆናል" ብሎ ሄደ። አካኮ አንዱንም አልተሳደበም። የሰው ባሕርይ ደብተሩ ላይ እንደተጻፈው መሆኑ እንደውም የሚያስደስተው ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በጓ ወለደች። ግልገሉ እንደ እናቱ ራሱ ቡናማ ነው። አካኮ "ባለቤት ከመጣ ግልገሉም ይሄዳል" አለ። እኔ ግን ባለቤት እንደማይመጣ አውቃለሁ። ጅማቱ ጣሳ ውስጥ ነው።

ጳጉሜን አንድ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ አንዲት ሴት ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሴትየዋ ቀጠን ያለች ናት፤ ትከሻዋ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጋለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

"ኦቦ ዲንሳ፣ አዴ በቀሉ ትባላለች። ከዲጋ ነው የመጣችው። በጓን ትፈልጋለች" አለ ጋሽ ሸምሱ። "ጨው ልትገዛ ገብታ፣ የጠፋ በግ አላያችሁም ወይ ስትል ሰማኋት። እናንተ እኮ የምታስነግሩት ለራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ሌላ ጋ ነው የምትጸልየው።"

አካኮ በርጩማ ሰጣት። አልተቀመጠችም።

"በጓ የእኔ አይደለችም" ብላ ጀመረች። "የርቢ ናት። የኦቦ ቶሌራ ናት፤ እኔ አረባታለሁ፣ የምትወልደውን እንካፈላለን። ሳል ይዟት የእንስሳት ክሊኒክ ላሳያት ሐምሌ ላይ ወደዚህ አመጣኋት። የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ደንብራ ከእጄ አመለጠች። ኦቦ ቶሌራ ሸጠሽ በላሽ አለኝ። ወፍጮ ቤቱ የእሱ ነው፤ የሌባ እህል አልፈጭም ብሎ ጆንያዬን ሰው ፊት መለሰው። ክረምቱን ሙሉ በድንጋይ ነው የፈጨሁት።" መዳፏን አሳየችን። "ልጆቼ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ 'ሆላ፣ ሆላ'፣ በግ፣ በግ እያሉ ይጮኹባቸዋል።"

አካኮ መዳፏን አየ። ከዚያ "ተስፋ ቆርጠሽ ነበር?" አላት። ደብተሩ እንደሚያዘው ነው የጠየቃት፤ ምልክት በሌለው ነገር ላይ ባለቤቱ ተስፋ ከቆረጠ ያገኘው ሰው ይወስደዋል።

"ተስፋ መቁረጥ የራሱ በግ ላለው ሰው ነው" አለች። "እኔ በምን አቅሜ ነው ተስፋ የምቆርጠው?"

"ምልክቱን ንገሪኝ።"

"አንገቷ ላይ ሰማያዊና ነጭ ክር ጎንጉኜ አስሬያለሁ። ጥቁር ቁልፍ ሰፍቼበታለሁ። የሟች ባሌ የኮቱ ቁልፍ ነው፤ ኮቱ አልቆ ቁልፉ ቀረ።"

አካኮ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቄ ነበር። ሁለት እጁን በጓ አንገት ላይ ዙሪያውን ሲያስኬድ አየሁት፤ ሁለት ጊዜ ዳሰሰ። ተመለሰና "የለም" አለ።

"ፊቷን አውቀዋለሁ፣ ኦቦ ዲንሳ።"

"ፊቷን አውቃለሁ ያላለ የለም። ሕጉ በፊቷ አውቃታለሁ የሚለውን የሚቀበለው ሲዋሽ ተሰምቶ ከማያውቅ መምህር ብቻ ነው።"

"እኔ መምህር አይደለሁም" አለች ሴትየዋ። ከዚያ ወደ ጓሮው ዞራ "ኮቱ፣ ኮቱ" ብላ ጠራች፤ በኦሮምኛ ነዪ ማለቷ ነው። በጓ ግልገሏን አስከትላ መጣች።

"ጨው የያዘ ሰው ሁሉ ሲጠራት ትመጣለች" አለ አካኮ።

ሴትየዋ እጇን ከፈተች። ባዶ ነው።

አካኮ ደብተሩን አንስቶ ገለበጠ። ቅጠሎቹን ሲያገላብጥ ጣቶቹ ይፈጥኑ ነበር፤ በግ ስለምትሰጠው ምስክርነት የተጻፈ አላገኘም። "እስከ እሑድ ልመርምር" አለ፤ ድምፁ ግን የእሑዱ ድምፅ አልነበረም።

"ደብተርዎ በግ አርብቶ ያውቃል?" አለችው። መልስ አልጠበቀችም። ዝናቡ ስለ በረታ መንገዱን ተሻግራ ጋሽ ሸምሱ በረንዳ ላይ ቆመች፤ ፊቷን ወደ እኛ አላዞረችም።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ጣሳውን ገለበጥኩት፤ ሳንቲም እንጂ ገመድ አይወጣም። በጣቴ፣ በሰበዝ ሞከርኩ። ክዳኑን እንዳልከፍተው ደግሞ የእግዚአብሔርን ገንዘብ መስረቅ ይሆንብኛል። ሰዎች ይህን ሳወራ ይስቃሉ። እኔ ግን የሰውን ምልክት ወስዶ ከሃይማኖት ሥር ሸሽጎ፣ ከዚያ ለማውጣት ቅድስናውን ፈራሁ የሚል ስንት ትልቅ ሰው አይቻለሁ። የእነሱ ጣሳ ከእኔ ይሰፋል፤ ያ ነው ልዩነቱ።

ጣሳውን እንደያዝኩ አካኮ ፊት ቆምኩ።

"አካኮ፣ ይከፈት።"

"ገና ነው። አምስት ቀን ይቀራል።"

"የእኔ ያልሆነ ነገር አለበት።"

አየኝ። ካራውን አነሳ፣ ሰሙን ዙሪያውን ቀደደ፣ ክዳኑን ፈነቀለ። ሳንቲሞቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ ገመዱ በመጨረሻ ወጣ፣ ጥቁሩ ቁልፍ ወደ ላይ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልመታኝም። ደብተሩን ዘጋው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ የተዘጋ ደብተር አላየሁም።

"ከደጄ የመለስኳት እኔ ነኝ" አለ በኦሮምኛ። ሕግ ሲሆን አማርኛ፣ ሲያመው ኦሮምኛ ነበር የሚናገረው።

"ሳንቲሙን ሁሉ ለእሷ እንስጣት?" አልኩ እያለቀስኩ።

"በአሥራት ዕዳ አይከፈልም።"

"ታዲያ በምን ይከፈላል?"

"በእግር። ግልገሉን ተሸከሚ።"

ሦስቱን ጃንጥላዎች አልፈን ወጣን፤ አካኮ መንገዱን ተሻግሮ ገመዱን ለአዴ በቀሉ ሰጣት። ከነቀምቴ እስከ ዲጋ ያለውን መንገድ አካኮ በጓን እየሳበ ከፊት፣ አዴ በቀሉ ከኋላው፣ እኔ ግልገሉን ደረቴ ላይ ታቅፌ ከሁሉ ኋላ ሄድን። ያ ሽታ በዚያ ቀን ነው የገባብኝ። ግልገል ሲረጥብ ይከብዳል። እረፊ ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አዴ በቀሉ ገመዱን በእጇ ጠቅልላ ይዛው ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሰው ጆንያውን ደርድሮ ተራ ይጠብቃል። ሞተሩ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። ኦቦ ቶሌራ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ መጣ። አካኮ በሩ ላይ ቆሞ በዚያ በቀጭን ድምፁ፣ ከሞተሩ በላይ ጮኸ።

"በግ ተገኝታለች! አምስት እሑድ ያስነገርኩት እኔ ነኝ። ምልክት የላትም ብዬ ይህችን ሴት የመለስኳት እኔ ነኝ። ምልክት ነበራት። ምን እንደሆነ፣ የት እንደነበረ ይህች ልጅ ትናገራለች።"

እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ገፋኝ። ጀመርኩ፤ ማንም አልሰማኝም። "ጮክ በይ!" አለኝ። ባለ በሌለ ድምፄ መጮህ ጀመርኩ። ሰማያዊና ነጭ ክር ነው አልኩ፣ የኮት ቁልፍ አለው አልኩ፣ አዴ በቀሉ አልሸጠቻትም አልኩ። በዚያ መሐል አንዱ ሠራተኛ ነገሩ ገርሞት ሞተሩን አጠፋው፤ የቀረው ንግግሬ በጸጥታው ላይ እንደ ጩኸት ወጣ።

"እኔ ነኝ የደበቅኩት! የአሥራት ጣሳ ውስጥ!"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌሎቹም ሳቁ። አዴ በቀሉ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ገመዱን በጓ አንገት ላይ አሰረችው፤ ቁልፉን ወደ ፊት አዞረችው፣ ሁሉም እንዲያየው።

ኦቦ ቶሌራ ይቅርታ አልጠየቀም። "እኔ ድሮም ጠረጠርኩ እንጂ አላልኩም" አለ። ግልገሉን ከእጄ ተቀብሎ ጾታውን አየ፤ "የመጀመሪያው የእሷ ነው፣ ውላችን እንደዚያ ነው" ብሎ ሰጣት። አላመሰገነችውም። "ነገ ጠዋት እህሌን አመጣለሁ" አለችው ብቻ። ከተሰለፉት አንዷ ሴት "ከእኔ ቀጥሎ ነሽ፤ ተራሽን እይዝልሻለሁ" አለቻት።

ልንመለስ ስንል ዝናቡ እንደገና ወረደ። አካኮ ጆንያውን ደፋ፤ የእኔን ጆንያ ነቀምቴ ረስቼው ነበር። እጄ ባዶ ስለሆነ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አዴ በቀሉ ከኋላ ደረሰችብኝ። ላስቲኳን ከትከሻዋ አውርዳ እኔ ላይ ጣለችው።

"ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ እንድወስደው ሸምሱ ጋ አስቀምጪልኝ" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጥጉን በጣቷ አሳየችኝ። "እይ፣ እዚህ ጋ ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። ምልክቱ እሱ ነው።"

አካኮ ቆመ። ምልክት ለማንም አይነገርም ሊል ነው ብዬ ቀና ብዬ አየሁት። አላለም። መንገዱን ቀጠለ።

እስከ ነቀምቴ ድረስ በዚያች ቀዳዳ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ በማጅራቴ ወደ ጀርባዬ ይወርድ ነበር። ላስቲኩን ትንሽ ዞር ባደርገው ይቆም ነበር። አላዞርኩትም።